ደነገጥሁ፥ አልተናገርሁም፦ ቶሎ ስለ መቀየም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰኔ 24 ቀን የአባ ሙሴ ጸሊም መታሰቢያ ነበር። ወንበዴ ሆኖ ኖሮ በግብፅ በረሃ፣ በአስቄጥስ ገዳም መንኵሶ ለብዙዎች አባት የሆነው ቅዱስ። በዓሉ ሁልጊዜ በሐዋርያት ጾም ውስጥ ይውላል። ስለ ውንብድናውና ስለ ንስሐው ብዙ ተሰብኳል፤ ዛሬ የምንቆየው ከታሪኩ በአንዲት ትንሽ ክፍል ላይ ነው። አባቶች ለጉባኤ በተሰበሰቡበት ቀን ሊፈትኑት ፈልገው እየሰማ «ይህ ጥቁር ሰው በመካከላችን ምን ያደርጋል?» አሉ። ዝም አለ። ጉባኤው ሲበተን «አባ፣ የተባልከው አላስከፋህም?» ብለው ጠየቁት። በመዝሙረ ዳዊት ቃል መለሰላቸው፦ «ደነገጥሁ፥ አልተናገርሁም» (መዝ. 76፥4)።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። አባ ሙሴ «ምንም አልተሰማኝም» አላለም። የተነገረው ስድብ ነው፤ ያውም ስለ ቆዳው ቀለም። ልቡ ደነገጠ፤ አፉ ግን ልቡን አልተከተለም። ብዙዎቻችን መንፈሳዊነት ማለት አለመከፋት ይመስለንና ስንከፋ እንደብቃለን፤ የተደበቀው ያድራል፤ ያደረው ይቦካል። ማታ የተለወሰ የዳቦ ሊጥ ጠዋት ከዕቃው ገንፍሎ እንደሚገኝ፣ ማክሰኞ የተባልናት አንዲት ቃል እሑድ ቅዳሴ ላይ ስንቆም አብጣ የሰውየውን ጠባይ፣ አስተዳደጉን፣ የልቡን ሐሳብ ሳይቀር የምትናገር ሆና እናገኛታለን። ቅዱስ ጳውሎስ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ብሎ ሰዓት የቆረጠው ይህን ስለሚያውቅ ነው (ኤፌ. 4፥26)።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱና በመሰሎቻቸው ለምንኖር ምእመናን ፈተናው ይብሳል። ብዙዎቻችንን ጎረቤት ያደረገን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። በድሮው ሰፈር የአንዷ ጎረቤት አፍ ቢከፋም፣ ስንት ዓመት አብራን ስለበላችና አብራን ስለቀበረች «እሷ እንደሱ ናት፤ ልቧ ግን ንጹሕ ነው» ተብሎ ይታለፍላት ነበር። እዚህ በሕንጻው ደረጃ ላይ የሚያጋጥመን ሰው ግን ትናንቱን አናውቅለትም። የምናውቅለት የዛሬዋን ቃል ብቻ ነው፤ የጎደለውን ከራሳችን እንሞላዋለን። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ይዞ ሥራ የሄደ፣ ማታ ሁለት ሰዓት የተመለሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቢያልፈን ድካሙ አይታየንም፤ «ናቀን» እንላለን። ግሩፑ ላይ የጻፍነው መልእክት ታይቶ መልስ ካጣ፣ ለልጅ ክርስትና ሳንጠራ ከቀረን፣ ኮሚናሉን (የጋራ አዳራሹን) ለተዝካር ስንጠይቅ «ተይዟል» ከተባልን፣ የደረጃ ጽዳት ተራችንን ሰው ፊት ካስታወሱን፣ ሁሉም አንድ ትርጉም ይሰጠዋል፦ ተንቄያለሁ።

በዚህ የሚፈርሰው የጽዋ ማኅበር ጥቂት አይደለም። የማኅበሩ ሙሴ (ሰብሳቢው) ተራ ሲያወጣ አንዷን አስቀደመ፣ ወይም አንዱ «ጠላው ቀጥኗል» አለ፤ በሚቀጥለው ወር ሦስት ሰው ቀረ፤ ዓመት ሳይሞላ በአንድ ብሎክ ሁለት ማኅበር ሆነ። ሁለቱም በ12 ቅዱስ ሚካኤልን ይዘክራሉ። ሁለቱም ጸበል ጸዲቁን ከመቅመሳቸው በፊት ቆመው «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ይላሉ። እንዴት እንደሚያስጨንቅ አስቡት! ሊቀ መላእክቱን ለሁለት ከፍለን በየቤታችን ጠራነው።

አሁን ወደ ወንጌሉ እንምጣ። «እንግዲህ መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፥ በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድሞም ከወንድምህ ጋር ታረቅ፥ በኋላም መጥተህ መባህን አቅርብ» (ማቴ. 5፥23-24)። ጥቅሱን በቃሉ የማያውቅ የለም፤ ቀስ ብሎ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። «አንተ በወንድምህ ላይ ያለህን ብታስብ» አይልም፤ «ወንድምህ በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ነው የሚለው። እኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የምንቆጥረው የተበደልነውን ነው፤ ጌታ የጠየቀን ስላስቀየምነው ሰው ነው። ከዚያ ደግሞ ግሦቹን ቁጠሩ፦ ትተህ፣ ሂድ፣ ታረቅ፣ መጥተህ፣ አቅርብ። አምስት ናቸው። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ብቻ ፈጽመን እንቆማለን። «ቂም ስላለብኝ አልቆርብም» ብለን መባውን ትተን ወደ ቤት እንገባለን፤ ወደ ወንድማችን ግን አንሄድም። እንዲህ ሆኖ አምስት ዓመት ያለፈው አለ፤ ይህንንም እግዚአብሔርን እንደ መፍራት ይቆጥረዋል። ወዳጄ፣ ይህ ፍርሃተ እግዚአብሔር አይደለም። ከሥጋ ወደሙ ርቀህ የምትጠብቀው ኩርፊያህን ነው።

ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብሎ ሲያውጅ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላም እንዲባባል ነው። ያን ጊዜ ዓይናችን የሚሄደው ወዴት እንደሆነ እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ በግራ ላለው እንሰግዳለን፣ በቀኝ ያለውን ግን ያላየን እንመስላለን።

«ታዲያ መበደሌ ከንቱ ነው ወይ?» የሚል አለ። አይደለም። ንጉሡ እልፍ መክሊት ዕዳ የተወለት ባሪያ መቶ ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን እንዴት እንዳሳሰረው የሚናገረውን ምሳሌ (ማቴ. 18፥23-35) ስንሰማ መቶው ዲናር ሳንቲም ይመስለናል። በወይኑ ቦታ ምሳሌ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ አንድ ዲናር ነው (ማቴ. 20፥2)፤ መቶ ዲናር የመቶ ቀን ላብ፣ ከሦስት ወር የሚበልጥ ደመወዝ ነው። የቀን ሠራተኛ ይህን ያህል ተበድሮት ቢከለከል ያለቅሳል። ጌታችን የደረሰብህን በደል አላቃለለም፤ በትክክል ቆጠረልህ። ግን አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ነው፤ እልፍ መክሊት 60,000,000 ዲናር ይሆናል። ለአንተ የተተወልህ እንድትተው ከተጠየቅኸው 600,000 እጥፍ ነው። ያ ባሪያ የጠፋው ያላበደረውን ስለጠየቀ አይደለም፤ ገንዘቡ እውነትም ነበረው። ከንጉሡ ፊት እንደወጣ የተደረገለትን ምሕረት ረሳ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 19 ላይ ያለውን ምክር እያንዳንዱ ቤት በር ላይ ቢለጥፈው ደስ ይለኛል፦ ወዳጅህን ጠይቀው፤ ምናልባት አላደረገው ይሆናል፤ አድርጎትም ከሆነ እንዳይደግመው ጠይቀው፤ ምናልባት አልተናገረው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ሐሜት ይሆናልና የሰማኸውን ሁሉ አትመን ይላል። መጠየቅ! ከሰፈራችን የጠፋው ይህ ነው። ተቀያሚው አይጠይቅም፤ ያስቀየመውም ማስቀየሙን አያውቅም፤ ሦስተኛው ሰው ግን ሁሉንም ያውቃል።

ስትጠይቅ ቅደም ተከተሉን አታፋልስ። ጌታ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ» ብሏል (ማቴ. 18፥15)፤ ስለዚህ ነገሩን ለራሱ ለሰውየው ከመንገርህ በፊት ለማንም አትንገር፤ ለባለቤትህም፣ ለእናትህም ቢሆን። ሰው የሚወድቀው ከሁሉ በላይ እዚህ ጋ ነው። አንተ በሦስተኛው ቀን ትታረቃለህ፤ እናትህ ግን ከማስታረቁ ማዕድ ላይ ስላልነበረች ቅያሜውን ይዛልህ ትኖራለች። ቀጥሎ በአካል ሂድ። የድምፅ መልእክት ልከህ አትጠይቅ፤ ቃሉ ይቀረጻል፣ ይተላለፋል፣ ድምፅህ ከነበረህ ቁጣ በላይ ይቆጣል። ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያን ደጅም አታስቁመው፤ ሰው እያየው እሺ የሚል የለም። ማታ ቤቱ ሂድ፤ ራት አቅርበው ከሆነ ተመለስና ነገ ና። ስትናገር አንድ ነገር ብቻ አንሣ፤ የመቼና የት እንደሆነ ለይተህ። «ቅዳሜ ኮሚናሉ ጋ ያልሽኝ ቃል ከንክኖኛል፤ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው እህቴ?» ማለት ይበቃል። «አንቺ ሁልጊዜ ትንቂኛለሽ» ካልክ ግን «ሁልጊዜ» ለምትለው ቃል ማንም መልስ የለውም፤ መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ይሳደባል። የቆየውን የእድር ነገር፣ የዛሬ ሁለት ዓመቱን የውኃ ሮቶ ጠብ ጨምረህ ከሄድክ ለመክሰስ ሄደሃል እንጂ ለመታረቅ አልሄድክም።

ይቅርታ ጠያቂውም የራሱ በሽታ አለበት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ጳጉሜ ላይም፣ «አውቄም ሳላውቅም ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ» የሚል ጽሑፍ ከመስቀል ሥዕል ጋር ለሁለት መቶ ሰው ይላካል። ይህ መልካም ልማድ ሊሆን ይችል ነበር። ግን ላኪው ከሁለት መቶው ውስጥ እውነት ያስቀየመው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው በሩ ፊት ለፊት ነው የሚኖረው፤ አላንኳኳለትም። «አስቀይሜህ ከሆነ» የሚል ይቅርታም እዳውን ወደ ተቀያሚው መልሶ የሚገፋ ነው። ያደረግኸውን በስሙ ጥራው፦ «ልጅህን ሰው ፊት ሰደብኩት፤ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ኑዛዜ ላይም እንዲሁ። ስንቶቻችን ነን ከንስሐ አባታችን ፊት ተንበርክከን የጎረቤታችንን ኃጢአት ተናዘን የምንመለሰው? ካህኑ የእሷን ታሪክ ሃያ ደቂቃ ይሰማሉ፤ የራሳችን «ትንሽ ተናድጃለሁ» በምትል ያልቃል።

ብቻህን ሄደህ እርሱ ካልሰማህ ወንጌሉ አንድ ወይም ሁለት ሰው ውሰድ ይላል። ሽማግሌዎቹን ሁለታችሁም የምታምኗቸው ይሁኑ፤ ከአንተ ወገን ብቻ ከመረጥክ ምስክር ነው የወሰድከው። ጥሩ ሽማግሌ መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ያገናኛቸዋል፤ የተባለውንና የተደረገውን ሳያስነግር «በሉ ተሳሳሙ» አይልም። ብዙ እርቅ የሚፈርሰው በዚህ ጥድፊያ ነው፤ ያልተነገረው ነገር በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተመልሶ ይነሣል። ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ጳጳሳት የተጣሉ ምእመናንን ጉዳይ ሰኞ እንዲሰሙ ያዝዛል፤ ነገሩ ቢከርር እንኳ እስከ እሑድ ድረስ ለማስታረቅ ጊዜ እንዲኖር። አባቶቻችን ሰላም ቀን እንደሚፈጅ ያውቁ ነበር። እኛ ቅዳሜ ማታ በስልክ ልንጨርሰው እንፈልጋለን።

አንድ ነገር ልለይ፤ ካልለየሁት ይህን ትምህርት ጨካኞች ይዘውት ይሄዳሉ። ባሏ የሚመታትን ሴት «ቶሎ አትቀየሚ» ማለት ነውር ነው። የእድር ገንዘብ የበላውን፣ የሠራተኛ ደመወዝ የከለከለውን፣ ሰውን በዘሩ የሚያዋርደውን «እንዳትቀየሙት» ብለን ልንከልለው አንችልም። ይህ በደል ነው፤ በደል ይወቀሳል፣ ይመለሳል፣ ሕግ ፊት የሚቀርብም ይቀርባል። አባ ሙሴን የተናገሩትን ቃል ማንም እንደ ምሳሌ ይዞ «ቀልድ ነው፤ ምን ያስቆጣሃል?» አይበል፤ ታሪኩ የተጻፈልን ስለ ዝም ያለው ነው። ደግሞም የመባው ቃል «እንግዲህ» ብሎ የሚጀምረው ለምን ይመስላችኋል? ከላዩ ያለው ቁጥር ወንድሙን ጨርቃም፣ ደንቆሮ ስለሚለው ሰው ነው፤ ጨርቃም ያለው የሸንጎ ፍርድ፣ ደንቆሮ ያለው የገሃነመ እሳት ፍርድ ይገባዋል። አፉን የማይጠብቅ ሰው ሌላውን «ተቀያሚ» ብሎ ሊከስ መብት የለውም።

ሐምሌ 5 ጾሙ ይፈታል። በዚያ ቀን ለመቁረብ ያሰበ ሰው ከዛሬ ይጀምር። የሚሄድበትን በር ያውቀዋል። ሄዶ አንኳኩቶ ባይከፈትለት፣ ወይም «ውጣልኝ» ቢባል፣ ሌላ ቀን ይድገም፤ ሁለተኛም እንቢ ከተባለ አንድ ሰው ይዞ ይሂድ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ይቁረብ አይቁረብ የሚሉት እርሳቸው ናቸው፤ ራሱን በራሱ አይከልክል። እስከዚያው ደረጃ ላይ ሲገናኙ ቀድሞ «እንደምን አደሩ» ይበል፤ መልስ ባያገኝም በማግስቱ ይድገመው።