የአልዲሃይድ ሆሞሎጌሽን ምንድን ነው?

"ካርቦን ከተጨመረ ሆሞሎጌሽን ነው" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያናድደኛል፣ አሁን ደግሞ አንዱ ቤንዛልዲሃይድ (ጫፉ አልዲሃይድ፣ ማለትም CHO የሆነ ሞለኪውል) ላይ ግሪኛርድ (ካርቦን የሚጨምር የማግኒዚየም ሪኤጀንት) ጨምሮ "አልዲሃይዱን በአንድ ካርቦን አስረዘምኩት" ብሎ ሲከራከር አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ወንድሜ፣ ግሪኛርዱን፣ ማለትም ሜቲል ማግኒዚየም ብሮማይድን ስትጨምርበት የምታገኘው 1-ፌኒል ኢታኖል ነው፣ እሱን ኦክሲዳይዝ ብታደርገው ደግሞ አሴቶፌኖን፣ ማለትም ኬቶን (C=O ጫፍ ላይ ሳይሆን በሁለት ካርቦኖች መሀል ያለበት) ነው የሚሆንልህ። ካርቦን ጨምረሃል፣ አልዲሃይዱ ግን የለም!

ሆሞሎጌሽን ሰንሰለቱ በአንድ ሲኤችቱ (CH₂) ረዝሞ ጫፉ ግን አሁንም አልዲሃይድ ሲሆን ነው፣ ቤንዛልዲሃይድ ፌኒልአሴታልዲሃይድ ሲሆን፣ ከ7 ካርቦን ወደ 8።

ነጠላ አስብ፣ ጥለቱ አልዲሃይዱ ነው። አጠረ ብለህ ከጥለቱ ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ ብትሰፋበት ረዝሟል፣ ግን ጥለቱ መሀል ገባ። ግሪኛርዱ የሚያደርገው ይሄንን ነው። "እሺ እንግዲህ ጥለቱ ተነስቶ ወደ አዲሱ ጫፍ ይሄዳል" የሚሉም አሉ፣ እሱም ልክ አይደለም፤ የድሮው ጥለት እዛው ተፈቶ ነጭ ጨርቅ ይሆናል፣ አዲሱ ቁራጭ ነው የራሱን ጥለት ተጠቅልሎ ይዞ የሚመጣው።

ጀርመናዊው ኬሚስት ዊቲግ እ.ኤ.አ. በ1979 ኖቤል ባገኘበት ሪአክሽን እንየው። ሜቶክሲሜቲል ትራይፌኒልፎስፎኒየም ክሎራይድ ላይ ጠንካራ ቤዝ ስትጨምር ቀላ ያለው ኢላይድ (ኔጌቲቭ ካርቦንና ፖዘቲቭ ፎስፎረስ ጎን ለጎን ያሉበት ሪኤጀንት) ይወጣል፣ አልዲሃይዱ ሲገባበት የድሮው ኦክስጅን ትራይፌኒልፎስፊን ኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል፣ የሚቀርህ ኢኖል ኢተር (ሜቶክሲ፣ ማለትም OCH₃፣ ድርብ ቦንድ ያለው ካርቦን ላይ የተያያዘበት) ነው፣ የተጠቀለለው ጥለት ማለት እሱ ነው፣ አሲድና ውሃ ሲያገኝ ይገለጣል። የአዲሱ አልዲሃይድ ኦክስጅን ራሱ ከውሃው ነው የሚመጣው፣ ሜቶክሲው ሜታኖል ሆኖ ይወጣል። ሜቶክሲ የሌለውን ተራውን ኢላይድ ከተጠቀምክ ግን አልዲሃይድ የሌለው ስታይሪን ላይ ትቆማለህ፣ ከዛ በሃይድሮቦሬሽን (ቦሮን ድርብ ቦንዱ ላይ በመጨመር) እና በኦክሲዴሽን እስከ አልዲሃይዱ ካልቀጠልክ ሆሞሎጌሽን አትበለው።

ኢኖል ኢተሩ የኢ እና የዜድ (በድርብ ቦንዱ ዙሪያ ያሉት ሁለት አቀማመጦች) ድብልቅ ሆኖ ቢወጣ አትጨነቅ፣ ሁለቱም አንድ አልዲሃይድ ነው የሚሰጡት። የሚያስጨንቀው አሲዱ ነው፣ ከበረታ አዲሱን አልዲሃይድ እርስ በርሱ ሊያያይዝብህ ይችላል፣ ስለዚህ ለስለስ አድርገው። ፎስፊን ኦክሳይዱን ማጽዳትም ራሱን የቻለ ስራ ነው። ፌኒልአሴታልዲሃይድ ደግሞ ሲቀመጥ እርስ በርሱ እየተያያዘ ስለሚወፍር ከኮለም (ከማጽጃው ቱቦ) እንደወጣ ወደሚቀጥለው ስቴፕ አስገባው።