ስለ ትናንሽ የቅኝት ጀልባዎች የዕዝና ቁጥጥር ሥርዓት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የዕዝና ቁጥጥር ሥርዓት ራዳሩ፣ ካሜራውና ራዲዮው የሚያገኙትን በአንድ ስክሪን ላይ የሚያሰባስብ ነው። አዲስ ሠልጣኝ በተቀበልሁ ቁጥር «ስክሪኑ ላይ ካልታየ ባሕሩ ላይ የለም» ሲባል እሰማለሁ። ሰው ሊሞትበት የሚችል ስሕተት ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሜ የማርመው ይህንኑ ነው።

በስክሪኑ ላይ የመርከቦች ስም የሚታየው ኤአይኤስ በተባለው መሣሪያ አማካይነት ሲሆን፣ እያንዳንዱ መርከብ ማንነቱን፣ ቦታውንና ፍጥነቱን በቪኤችኤፍ ራዲዮ ራሱ ይናገራል፤ የእኛ ሥርዓት የሰማውን ያሳያል እንጂ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። በባሕር ላይ ስለ ሰው ሕይወት ደኅንነት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሶላስ መሣሪያውን ግዴታ ያደረገው በአገሮች መካከል ለሚጓዙ 300 ግሮስ ቶኔጅ (የመርከብ ጠቅላላ መጠን መለኪያ)ና ከዚያ በላይ ለሆኑ መርከቦች፣ ለትልልቅ የአገር ውስጥ የጭነት መርከቦችና ለመንገደኛ መርከቦች ነው። ወገኖቻችንን አጭቃ ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን በሌሊት የምትሻገር ጀልባ ስሟን አታስተላልፍም፤ ሰጥማ ከመጥፋቷ በፊት ልናገኛት የሚገባን ግን እሷን ነው።

«ራዳሩስ?» ይሉኛል። የራዳር እይታ በከፍታ ይወሰናል። የአንቴናውንና የዒላማውን ከፍታ በሜትር ወስደን የየራሳቸውን ስኩዌር ሩት ደምረን በ2.2 ብናባዛ፣ ለ9 ሜትር አንቴናና ለ1 ሜትር ጀልባ የምናገኘው 8.8 ኖቲካል ማይል ብቻ ነው፤ ያውም ባሕሩ ሲረጋ። ማዕበል ሲነሣ የውኃው ነጸብራቅ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ተረኛው ያን ለማጥፋት ማጣሪያውን ሲጨምር፣ እንጨትና ፋይበር የሚመልሱት ምልክት ደካማ በመሆኑ ጀልባዋም አብራ ትጠፋለች። በአንድ የሌሊት ልምምድ ማጣሪያው ከልክ በላይ ተጨምሮ ስለነበር፣ ወደ እኛ የምትመጣውን ጀልባ በሞተሯ ድምፅ የለየው ውጭ የቆመው ጠባቂ ነበር። የ1972 እ.ኤ.አ. የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ 5ኛው ድንጋጌም በዓይንና በጆሮ መጠበቅን ያዝዛል። ስለዚህ ስክሪኑ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ውጭ የቆመውን ጠባቂ ወደ ውስጥ አታስገቡ፤ ባሕሩ በተለወጠ ቁጥርም ማጣሪያውን እንደገና አስተካክሉ።

ሥርዓቱ ራሱ ተኩስ ይወስናል የሚሉም አሉ፤ ካሜራውንና የጦር መሣሪያውን ወደ ዒላማው ያዞራል፣ ትእዛዙ ግን የአዛዡ ነው።

የትልቅ የጦር መርከብ ሥርዓት ተቀንሶ ይገጠማል የሚለውም ትክክል አይደለም። በትልቁ መርከብ ለዚህ ሥራ የተለየ ክፍልና ብዙ ሰው አለ፤ በትንሿ ጀልባ ግን አንድ ተረኛ ራዳሩን፣ ካሜራውንና ራዲዮውን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ የማያስፈልግ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሁሉ ትኩረቱን ይሻማል።

ጂፒኤስም ሊታፈን ወይም በሐሰተኛ ምልክት ሊታለል ይችላል፤ የባሕሩ ዳርቻ በሚታይበት ሁሉ ቦታችሁን በራዳር ርቀት አመሳክሩ።