በጎጃም የክፍል ውይይትና በበይነ መረብ የሚላክ የግል ግብረ መልስ

በበይነ መረብ የሚላክ የግል ግብረ መልስ መምህሩ ስለ አንድ ተማሪ የውይይት ተሳትፎ፣ ሌላ ተማሪ በማያየው መንገድ፣ በቴሌግራም ወይም እንደ ሙድል ባለ የመማሪያ ሥርዓት ጽፎ የሚልከው አስተያየት ነው። ከውጤት የሚለየው ካለፈው ይልቅ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ የሚያስብ በመሆኑ ነው።

አሳቡ ለጎጃም ባዳ አይደለም። እነ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ በሚጠሩበት የቅኔ ትምህርት ተማሪው ብቻውን ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ወይም ለረዳቱ ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ቤት ያልመታው ወይም ምሥጢሩ የተፋለሰው ይቃናለታል፤ በአደባባይ መዝረፍ፣ ማለትም ቅኔውን በሰው ፊት ማሰማት፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እርግጥ ነገራውን ሌሎችም ሊሰሙት ይችላሉ፤ የቴሌግራሙን መልእክት ግን ከተቀባዩ በቀር የሚያየው የለም።

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውይይቱ የሚካሄደው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ በሆነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አሳብ ሞልቶት ቃል የሚያጥረው ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። በታላቅ ፊት ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ተቆጥሮ ማደጉ ሲታከልበት፣ ዝምታውን ካለማወቅ መቁጠር ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው።

የሚጠቅመው መልእክት አጭርና ተጨባጭ ነው፦ «ትናንት ስለ ጮቄ ተራራ የአፈር መሸርሸር ስንነጋገር ማስታወሻ ስትጽፊ አይቻለሁ። ማክሰኞ ውይይቱን ከቢቡኝ ወረዳ ምሳሌ አንስተሽ ብትጀምሪልንስ? ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።» «ተሳትፎሽን አሻሽይ» የሚለው ግን ወቀሳ ብቻ ነው። መልእክቱን በአማርኛ መጻፍም የፍርሃቱን ግማሽ ያቀላል።

ይሁንና መልእክቱ ክፍል ውስጥ ቦታ ካልተዘጋጀለት ከንቱ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየችው መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዝምታው ወደ 3 ሴኮንድ ሲረዝም የተማሪዎች መልስም ይረዝማል። ቀድሞ መልእክት የደረሳት ተማሪም እጇን እስክታወጣ የሚጠብቃት መምህር ያስፈልጋታል።

በተጨናነቀ ክፍል ለሁሉም በየሳምንቱ መጻፍ ስለማይቻል በተራ ማዳረስ ይሻላል። መምህር ለተማሪው፣ በተለይ ወንድ መምህር ለሴት ተማሪ፣ በምሽት በግል ስልክ መጻፉ ለሐሜት በር ስለሚከፍት፣ መልእክቱ በቀን፣ ተቋሙ በሚያውቀው መስመር ቢላክ ይመረጣል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንደተቋረጠው ያለ ጊዜ ሲመጣም፣ ያንኑ ሁለት መስመር በተማሪው ደብተር ኅዳግ ላይ መጻፍ ይቻላል።