ቀለበታማ ሃሪኬን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሃሪኬን ከሞቀ ባሕር ላይ የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ነው። ቀለበታማው ዓይነት ከሳተላይት ሲታይ የመኪና ጎማ ይመስላል። መሃሉ ላይ ሰፊና ክብ ዓይን (ጸጥ ያለ ክፍት ቦታ) አለው፤ ዙሪያውን ወፍራም የደመና ቀለበት ከቦታል። ሌሎች ሃሪኬኖች ላይ የለመድናቸው እየተጠማዘዙ ወደ ውጭ የሚዘረጉ የዝናብ ክንዶች ግን የሉትም፤ ቢኖሩትም ኢምንት ናቸው። ጆን ናፍ፣ ጄምስ ኮሲን እና ማርክ ዲማሪያ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ራሱን የቻለ ዓይነት አድርገው ለዩት። ልዩ የሚያደርገው አንዴ ከበረታ ቶሎ አለመድከሙ ነው። ወሬው የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ራሱን በራሱ ስለሚያቆይ ባሕር አያስፈልገውም»

ያስፈልገዋል እንጂ! ኃይሉን የሚያገኘው እንደማንኛውም ሃሪኬን ከሞቀ ባሕር ከሚተን ውሃ ነው። ልዩነቱ ያለው አወቃቀሩ ላይ ነው። ብዙ ኃይለኛ ሃሪኬኖች ዓይናቸውን ከከበበው የደመና ግድግዳ ውጭ ሁለተኛ ግድግዳ ያበጃሉ። አዲሱ ግድግዳ እርጥበቱን እየነጠቀ የውስጠኛውን ያከስመዋል፤ በዚህ መሃል ነፋሱ ለጊዜው ይላላል። ቀለበታማው የውጭ የዝናብ ክንድ ስለሚያንሰው ይህ ግብግብ እምብዛም አይገጥመውም። ስለዚህ ጉልበቱ ሳይዋዥቅ ይቆያል።

«ባሕሩ በጣም ሲግል ነው የሚፈጠረው»

ይሄ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ጥናቱ ያገኛቸው ከ25.4 እስከ 28.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ ውሃ ላይ ነው። ለሃሪኬን ይህ መካከለኛ ሙቀት ነው። ሌላም ቅድመ ሁኔታ አለ። በመንገዱ ላይ የውሃው ሙቀት ብዙ መለዋወጥ የለበትም። በላይኛውና በታችኛው አየር መካከል ያለው የነፋስ ልዩነትም ትንሽ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ አንድ ላይ የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው። የተረጋጋው አካባቢው ነው ማለት ይቻላል፤ ሃሪኬኑ የተለየ አስማት የለውም።

«ክብና ሰፊ ዓይን ያለው ሁሉ ቀለበታማ ነው»

አይደለም። ቅርጹ ለጥቂት ሰዓታት መጽናት አለበት፤ የዝናብ ክንዶቹም መጥፋት አለባቸው። አንድ ፎቶ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

«እንደበረታ የብስ ይደርሳል»

ኢዛቤል የተባለውን ሃሪኬን እናንሳ። መስከረም 2003 ላይ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ሳለ ቀለበታማ ነበር፤ ነፋሱም በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ከፍተኛው የሃሪኬን ደረጃ፣ ደረጃ 5 ላይ ወጣ። ወደ አሜሪካ ሲጠጋ ግን የላይኛው አየር ነፋስ በረታበት። ሰሜን ካሮላይና ሲገባ ደረጃ 2 ነበር፤ ቀለበቱም ፈርሷል። ታዲያ ቀለለ ማለት አይደለም። ያኔ ዋሽንግተን ዲሲና ቨርጂኒያ የነበሩ አበሾች መብራት መጥፋቱንና አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ውሃ መግባቱን አይረሱትም።

«የሃዋይን ማዊ ደሴት ያቃጠለው ዶራ የተባለው ሃሪኬን ነው»

ዶራ በነሐሴ 2023 ከሃዋይ በስተ ደቡብ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈ። የቀለበታማ መልክ ነበረው፤ ከምሥራቅ ፓሲፊክ እስከ ምዕራብ ፓሲፊክ ድረስም ሃሪኬን እንደሆነ ተሻገረ። በዚያው ሰሞን የማዊን እሳት ያራገበው ነፋስ ዋና ምንጭ በስተ ሰሜን የነበረው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነው። የዶራ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ባለሙያዎች ይከራከሩበታል። በማዊ ያለችውን የላሃይና ከተማ ያወደመውን እሳት ያስነሳው ግን የተበጠሰ የኤሌክትሪክ መስመር መሆኑን ይፋዊ ምርመራው አረጋግጧል።

«ስለማይለዋወጥ ለመተንበይ ቀላል ነው»

እንዲያውም ባለሙያዎችን የሚያስቸግረው ይሄው ነው። የኮምፒውተር ትንበያ ስሌቱ «አሁን ይደክማል» ይላል፤ እሱ አይደክምም። ታኅሣሥ 2005 ላይ ኤፕሲሎን የተባለው፣ የቀለበታማ መልክ የያዘ ሃሪኬን ከተለመደው በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ለአምስት ቀን ያህል ጸና። በአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ተረኛ የነበረ አንድ ትንበያ ባለሙያ ለምን እንደበረታ ግልጽ ምክንያት እንደሌለ፣ ፈጥሮ መናገርም እንደማይፈልግ በይፋዊው መግለጫ ላይ ጻፈ።