ስለ ወጣት ትንንሽ ከዋክብትና ኤክስሬይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ትንሽና ቀዝቃዛ ኮከብ ኤክስሬይ አያወጣም።»

የእነዚህ ከዋክብት ገጽ ከ3,000 እስከ 4,000 ዲግሪ ገደማ ነው። በእርግጥ ይሄ ሙቀት ኤክስሬይ አይፈጥርም። ኤክስሬዩ የሚመጣው ግን ከገጹ በላይ ካለው ኮሮና ከተባለ ስስና እጅግ የጋለ የጋዝ ንብርብር ነው። ወጣት ኮከብ ቶሎ ቶሎ ይሽከረከራል። ውስጡ የሚንተከተከው ጋዝ ከሽክርክሪቱ ጋር ተዳምሮ ኃይለኛ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩም ኮሮናውን ከ10 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ያግለዋል። ስለዚህ ከፀሐይ ያነሰ ኮከብ በልጅነቱ በኤክስሬይ ከዛሬዋ ፀሐይ በመቶዎች እጥፍ ሊደምቅ ይችላል።

«ኤክስሬዩ በኮከቡ ዙሪያ ከሚዞረው የጋዝና የአቧራ ዲስክ ጋዝ ወደ ኮከቡ ሲወድቅ የሚወጣ ነው።»

ጥቂቱ አዎ። አብዛኛው ግን የማግኔቱ ሥራ ነው። እንዲያውም ከዋክብት በሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በኦሪዮን ኔቡላ፣ የዲስካቸውን ጋዝ እየዋጡ ያሉት ከዋክብት መዋጥ ካቆሙት በኤክስሬይ በአማካይ ደብዘዝ ይላሉ።

«ወጣቶቹን ለመለየት ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው የሙቀት ብርሃን) ይበቃል።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንፍራሬድ የሚያሳየን በኮከቡ ዙሪያ ባለው ዲስክ ውስጥ ያለውን የሞቀ አቧራ ነው። አቧራው ደግሞ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ኮከቡ በዚያው አቅጣጫ ከሚታዩ አሮጌ ከዋክብት ጋር ይመሳሰልና ከቆጠራ ይወጣል። ወጣቶቹን በዲስካቸው ብቻ ከቆጠርን ግማሹን ታሪክ ጥለናል ማለት ነው። አሮጌ ኮከብ ግን በኤክስሬይ ደብዛዛ ነው፤ ወጣቱ ዲስክ ኖረውም አልኖረውም ጎልቶ ይወጣል።

ቻንድራ የተባለው የህዋ ቴሌስኮፕ በጥር 2003 እ.ኤ.አ. 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ወደሚርቀው የኦሪዮን ኔቡላ የከዋክብት ዘለላ ወደ 10 ቀን የሚጠጋ ጊዜ አነጣጥሮ ከ1,600 በላይ የኤክስሬይ ነጥቦች አገኘ።

«ታዲያ ሁሉም ነጥብ የዘለላው ኮከብ ነው።»

አይደለም። አብዛኞቹ ናቸው፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ግን ከደመናው ጀርባ ያሉ ሩቅ ጋላክሲዎች ናቸው። ኃይለኛ ኤክስሬይ አቧራን አልፎ ስለሚመጣ የጀርባውም አብሮ ይታያል። የነጥቡን ቦታ ከኢንፍራሬድ ምስል ጋር ማመሳከር የግድ ነው።

«የኤክስሬዩ ድምቀት ቋሚ ነው።»

አይደለም። ቻንድራ እያንዳንዱን ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) መቼ፣ የት እና በምን ያህል ጉልበት እንደደረሰ ይመዘግባል። በዚያ መዝገብ ላይ በአንድ ኮከብ ኮሮና ውስጥ ፍንዳታ ተነስቶ ኤክስሬዩ በድንገት ሲደምቅ፣ ከዚያም በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ሲበርድ በግልጽ ይነበባል። የኦሪዮን ፀሐይ መሰል ወጣቶች እንዲህ ያለውን ትልቅ ፍንዳታ በሳምንት አንዴ ገደማ ያሳያሉ። የሚለቁት ኤክስሬይ የዲስኩን ጋዝ አተሞች ኤሌክትሮን እየነጠቀ ለማግኔታዊ መስክ ተገዢ ያደርገዋል። ፕላኔቶች የሚወለዱት ከዚሁ ጋዝና አቧራ ነው።