የብሔራዊ ቡድኖች ደረጃ በሕዝብ ብዛትና በሀብት ሲታይ

የቡድኖች ደረጃ ሲባል ሁሉም ሰው ትዝ የሚለው የፊፋ ሰንጠረዥ ነው። እሱ ግን ማን ማንን አሸነፈ የሚለውን ነው የሚያየው፣ ሀገሩ ስንት ሕዝብ አለው፣ ስንት ሜዳ አለው፣ ለልጆቹ ታኬታ የሚገዛላቸው አለ ወይ የሚለው ውስጡ የለም። እዚህ ሐዋሳ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ጨዋታ ስናይ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሕዝብን በዋንጫ ማካፈል ሲጀምር ክርክሩ አያልቅም፣ በአማርኛ ተሰባስቦ የሚነበብ ነገር ስለጠፋ ያለውን እዚህ ለማስቀመጥ ነው።

ፊፋ ደረጃ ማውጣት የጀመረው በ1992 መጨረሻ ላይ ነው (ዓ.ም. ካልተባለ በፈረንጅ ነው)። ከ2018 ወዲህ የሚጠቀመው አርፓድ ኤሎ የሚባል ሰው የቼዝ ተጫዋቾችን ደረጃ ለማውጣት ከሠራው ስሌት የመጣውን ነው፦ በሁለቱ ቡድኖች የነጥብ ልዩነት የሚጠበቀው ውጤት ይሰላል፣ ከሱ በላይ ካመጣህ ትጨምራለህ፣ ካነስክ ይቀነስብሃል። ጨዋታውም እንደ ክብደቱ ይባዛል፣ ለማጣሪያ 25 ሲሆን ለዓለም ዋንጫ ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ 60 ነው። ቀመሩ ጥሩ ነው፣ ግን "የሚጠበቀው" የመጣው ከድሮ ውጤት እንጂ ከኪስ አይደለም።

ቀላሉ ማስተካከያ ውጤቱን ለሕዝቡ ብዛት ማካፈል ነው፣ እሱ ደሞ ቶሎ ይበላሻል። በፓሪስ ኦሎምፒክ ግሬናዳ 2 ነሐስ አገኘች፣ አንድ ጦር ወርዋሪና አንድ የዴካትሎን አትሌት፣ ሕዝቧ ከ100 ሺህ ብዙም ስለማይበልጥ በነፍስ ወከፍ የሚደርስባት የለም። ህንድ በ1.4 ቢሊዮን ሕዝብ 6 ሜዳሊያ፣ ግርጌ ላይ። ሕዝብህ እጥፍ ስለሆነ እኮ 22 ሰው አታሰልፍም፣ 11 ያው 11 ነው። ማራቶን ላይም አንድ ሀገር የሚያሰልፈው 3 ሯጭ ብቻ ነው፣ እኛ 10 ብንልክ ምን ሊሆን እንደሚችል ሩጫ የሚከታተል ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ በነፍስ ወከፍ ስሌት ኢትዮጵያ ዝቅ ብላ ብትታይ ጥፋቱ የስሌቱ ነው።

የተሻለው መንገድ በሕዝብና በገቢ ምን ያህል ይጠበቃል ብሎ ከተገኘው ጋር ማስተያየት ነው። በርናርድና ቡሲ የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2004 የኦሎምፒክ ሜዳሊያን አጥንተው ሕዝብም የነፍስ ወከፍ ገቢም ተቀራራቢ ክብደት እንዳላቸው፣ አዘጋጅ ሀገርም ተጨማሪ እንደሚያገኝ አሳይተዋል። በዚህ ዓይን አይስላንድ ትንሽ ትወርዳለች። 330 ሺህ በሚሆን ሕዝብ በ2016 እንግሊዝን 2ለ1 ማሸነፏ አፍ ያስከፍታል፣ ከአሠልጣኞቹም አንዱ የጥርስ ሐኪም ነበር፣ ግን ሀብታም ሀገር ነች፣ በክረምት ልጆቹ የሚጫወቱባቸው ጣሪያ ያላቸው ሜዳዎች ሠርታለች። ኡራጓይ ከሲዳማ ክልል በማይበልጥ ሕዝብ 2 የዓለም ዋንጫ (1930 እና 1950) ወስዳለች፣ ለኔ አንደኛ እሷ ነች።

ሌላው ችግር የማን ሕዝብ ይቆጠር የሚለው ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ገና በጠዋቱ በቀይ ካርድ 10 ሰው ቀርተን ኬፕ ቨርዴ 1ለ0 አሸነፈችን፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆነውን ማለት ነው፣ ያን ቀን ያልተሳለቀብን የለም። ግን ከተጫዋቾቿ ብዙዎቹ አውሮፓ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ያለፈችው ኩራሳኦም 150 ሺህ ገደማ ሕዝብ ይዛ ትንሿ ሀገር ተባለች እንጂ ቡድኗ ሆላንድ ያደገ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ዋልያዎቹ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ ካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን) በ1957 ከመሠረቱት አንዷ ነች፣ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4ለ2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወስዳለች። የተወዳደሩት 4 ሀገሮች ብቻ ናቸው የሚሉ አሉ፣ ይበሉ፣ ዋንጫ ዋንጫ ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም የዋንጫ ድርቅ ነው። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ዛምቢያን በ10 ሰው 1ለ1 ያቆምነው በአዳነ ግርማ ጎል ነው፣ አዳነ የሐዋሳ ልጅ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2ለ0 ስናሸንፍ ያገቡት ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው፣ ሽመልስም ከዚሁ ከሐዋሳ ከተማ ክለብ የወጣ ነው። ክለቡ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሊጉን የወሰደው በሸገር ክለቦች ገንዘብ አልነበረም።

ያ የግብፅ ጨዋታ "የሜዳችን" ጨዋታ ነበር፣ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው፣ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን። ሀብት ደረጃ ውስጥ በግልፅ የሚገባው እዚህ ጋ ይመስለኛል። በራግቢ የዓለም ደረጃ ስሌት በሜዳው የሚጫወት ቡድን 3 ነጥብ ብልጫ እንዳለው ተደርጎ ይሰላል። የፊፋ የወንዶች ቀመር ግን የሜዳ ነገር አያውቅም፣ ሊሎንግዌ ብትጫወት ሐዋሳ ነጥቡ ያው ነው።