የአዲስ አበባ ግቢ አበቦች ከክረምት እስከ ጸደይ

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቀንና ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጡም። የግቢ አበባን በዋናነት የሚመራው ዝናቡ ነው፤ የሌሊት ብርዱም የራሱ ድርሻ አለው።

ሐምሌና ነሐሴ ለጽጌረዳ ክፉ ወራት ናቸው። ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ ይበሰብሳል። ጥቁር አፈር ያለበት ሰፈር ውሃው ስለሚተኛ ሥሩም ይታፈናል። ብዙ ሰው ታዲያ አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ ይሠራል፣ ወይም ታቹ በተበሳ የዘይት ቆርቆሮ ይተክላል።

በዚሁ ጊዜ አረም የሚመስል ለጋ ቡቃያ በየጥጉ ይወጣል። አደይ አበባ ነው። ማንም አልተከለውም፤ አምና ከረገፈው ዘር የበቀለ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ግቢን ልቅም አድርጎ ማረምን አልደግፍም። ጥቂት ጥግ ሳይነካ ቢቀር መስከረም ላይ ቢጫ ሆኖ ይጠብቃል።

ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ትላቸዋለች። ለግቢ አበባ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐዩም ወጥቷል። ከዚያ ውርጭ ይመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ለስላሳ ተክሎችን ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን ያስፈልጋል።

ታኅሣሥ የፖይንሴቲያ ወር ነው። ትውልዱ ሜክሲኮ ነው፤ እኛ ጋ አድጎ ትንሽ ዛፍ ያክላል። ቀዩ ነገር አበባው አይደለም፣ ቀለሙን የቀየረ ቅጠል ነው። አበባው መሃል ላይ ያሉት ደቃቅ ቢጫዎች ናቸው። ተክሉ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ እኛ ጋ ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ይበቃዋል። ጨለማው ግን መቋረጥ የለበትም። አንዱ ወገን ቀልቶ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የመንገድ ወይም የበረንዳ መብራት ነው።

በጋው ሲደርቅ ቡገንቪሊያ ይደምቃል። ውሃ ሲበዛለት ቅጠል ብቻ ያበዛል፤ እየራሩ ማጠጣት አይጠቅመውም።

ትልቁ ድንገተኛ ነገር የጸደይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉ፣ ምንም ካልነበረበት መሬት ክብ ቀይ አበባ ብቅ ይላል። ስካዶክሰስ ይባላል፤ የአገራችን ተክል ነው። ብዙ ጊዜ አበባው ይቀድምና ቅጠሉ ይከተላል። ሥሩ እንደ ሽንኩርት ነው፣ ግን መርዛም ስለሆነ ልጆች እንዳይነኩት መጠንቀቅ ያሻል። ቅጠሉ ደርቆ ሲጠፋ ቦታው ይረሳል። ሳይታወቅ እንዳይቆፈር ዙሪያውን ድንጋይ መደርደር ጥሩ ነው።